ቃኚው ምን አየ? ስለ ጌኦርግ ፎን ቦዘላገር የጦር አገልግሎትና አሟሟት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ኖቬምበር 28 ቀን 1944 የጀርመን መንግሥት ከሦስት ወር በፊት በጦር ሜዳ ለሞተ አንድ መኮንን ከፍ ያለ ሽልማት ሰጠ። ሽልማቱ «ሪተርክሮይትስ» በሚባለው የጀግንነት መስቀል ላይ የሚጨመር የሰይፍ ምልክት ሲሆን፣ ሟቹ ይህን ማዕረግ ያገኘ 114ኛው ሰው ነበር። ከሞተ በኋላም የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶታል። ሽልማቱ የሚሰጠው በሂትለር ስም ነው። ሰጪው ያላወቀው ነገር ቢኖር ግን ተሸላሚው በሕይወቱ የመጨረሻ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሰጪውን ለመግደል ሲዘጋጅ የኖረ መሆኑን ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው፣ ስለ ጌኦርግ ፎን ቦዘላገር ነው። በማን ጦር ውስጥ፣ ምን ዓይነት አገልግሎት ሲሰጥ እንደኖረና እንዴት እንደሞተ አንድ ላይ ካልታዩ ሁለቱም የማይገቡ ስለሆኑ፣ አንዱን ከሌላው ሳልለይ ለመናገር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሙያው ስም ጥቂት ልበል። ቦዘላገር የተመደበበት ክፍል በጀርመንኛ «አውፍክሌሩንግ» ይባላል። እኛ «ቅኝት» የምንለው፣ ባለሙያውንም «ቃኚ» የምንለው ነው። የጀርመንኛው ቃል ግን ሌላ ፍቺም አለው፤ የፈላስፎቹን ዘመነ አብርሆት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ለእነሱ የጠላትን ቦታ አይቶ መመለስና ጨለማን መግለጥ በአንድ ቃል ይነገራሉ። የእኛም ቃል ቢሆን ባዶ አይደለም። ክራር ይቃኛል፣ አገር ይቃኛል፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር፤ በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦራችንም ቃኘው የተባለው በዚሁ ስም ነው። በድምፅም በፊደልም ጎረቤቱ የሆነው «ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬ ለምንነጋገርበት ጦርነት ሩቅ አይደለም፤ ሂትለር በምሥራቅ አውሮፓ ሊያደርግ ያሰበው ነዋሪውን አጥፍቶና አስለቅቆ ምድሩን በጀርመኖች ማስፈር ነበርና።

ጌኦርግ የተወለደው ኦገስት 25 ቀን 1915 ከቦን ከተማ በስተምዕራብ በምትገኘው ሃይመርትስሃይም፣ በቤተሰቡ ግንብ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ የቆየ የካቶሊክ መኳንንት ዘር ነው። እሱም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደው ወንድሙ ፊሊፕም በባድ ጎደስበርግ በሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተማሩ። አደን፣ ፈረስና ጸሎት የዚያ ቤት ልጆች ዕለታዊ ኑሮ ነበር። በ1934፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ ጌኦርግ በፓደርቦርን ከተማ በሰፈረው በ15ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የፈረሰኛ መኮንንነት ለእንደ እሱ ዓይነቱ ወጣት ከዘመኑ ፖለቲካ ራቅ ያለ፣ የተከበረና ንጹሕ ሥራ መስሎ ይታይ ነበር። መስሎ ይታይ ነበር ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር የጀርመን ጦር አብዛኞቹን የፈረሰኛ ሬጅመንቶች በትኖ ለእግረኛ ክፍለ ጦሮች የቅኝት ሻለቃ አድርጎ አከፋፈላቸው። ጌኦርግም በ6ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የቅኝት ሻለቃ ውስጥ የአንደኛው የፈረሰኛ ሻምበል አዛዥ ሆነ። ይህን ሻለቃ በዓይነ ኅሊናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በፊልም የምናውቀው የጀርመን ጦር ሁሉም በታንክና በሞተር የሚሄድ ነው፣ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ17,000 በላይ ሰውና በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶች ነበሩት። መድፉን፣ ስንቁን፣ ቁስለኛውን የሚጎትተው ፈረስ ነው። በ1941 ሶቪየት ኅብረትን የወረረው ሠራዊት ከ600,000 በላይ ፈረሶች ይዞ ገብቷል። ከዚህ ሁሉ እግረኛና ጋሪ ፊት የሚሄደው የቅኝት ሻለቃ ታዲያ በአመዛኙ አንድ የፈረሰኛ ሻምበል፣ አንድ የብስክሌተኛ ሻምበልና ጥቂት መድፎችና ብረት ለበሶች የያዘ ሌላ ሻምበል ነበረው። ብስክሌተኛው በመንገድ ላይ ይፈጥናል፣ ፈረሰኛው ግን መንገድ በሌለበት በጫካና በረግረግ ይገባል።

ሥራው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቃኚ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይመለሳል፣ የተመለከተውን ይናገራል። ድልድዩ አልተሰበረም ወይ? ወንዙ በየት በኩል ይሻገሩታል? በመንደሩ ጫፍ ያለው የእህል ጎተራ ውስጥ መትረየስ አለ ወይስ የለም? መልሱ በፈረሰኛ መልእክተኛ፣ በሞተር ብስክሌት ወይም በሬዲዮ ወደ ክፍለ ጦሩ መምሪያ ይደርሳል፤ ከኋላ የሚመጣው በሺህ የሚቆጠር ሰው በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ይንቀሳቀሳል። የደንቡ መጽሐፍ ቃኚ እንዲያይ እንጂ እንዲዋጋ አይፈልግም። ነገር ግን ጎተራው ውስጥ መትረየስ መኖሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መትረየሱ ሲተኩስ ነው። ጦሩ በሚገፋበት ጊዜ ቃኚው የመጀመሪያው ነው፤ ድልድይ ላይ ቀድሞ ደርሶ እግረኛው እስኪመጣ በጥቂት ሰው ይዞ ይቆያል። ጦሩ በሚያፈገፍግበት ጊዜ ደግሞ መንገዱን እየዘጋ የሚቀረው የመጨረሻው ሰው ይሆናል። በሁለቱም አቅጣጫ ለሞት የቀረበ እሱ ነው።

ጌኦርግ በዚህ ሥራ የተዋጣለት ነበር። በጁን 1940 በፈረንሳይ የሴን ወንዝ መሻገሪያ ላይ ባደረገው ውጊያ የተነሳ በጃንዋሪ 18 ቀን 1941፣ መቶ አለቃ ሳለ፣ ከላይ የጠቀስኩትን የጀግንነት መስቀል ተሸለመ። በዚያው ዓመት ጁን 22 ቀን ክፍለ ጦሩ ከመካከለኛው የሠራዊት ቡድን ጋር ወደ ሶቪየት ምድር ገባ፤ ክረምቱም በሞስኮ ምዕራብ በርዤቭ ግንባር ያዛቸው። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ጌኦርግ ሻምበል ሆኖ በመስቀሉ ላይ የባሉጥ ቅጠል ተጨመረለት፤ ይህን ደረጃ ያገኘ 53ኛው የጀርመን ወታደር ነበር። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። የሽልማት ዝርዝሩን በዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ የጀግንነት መስቀል አንድ ሰው ለምን ዓላማ እንደተዋጋ አይናገርም።

በዚያ ክረምት ስለ ሞቱት ግን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የጀርመን ወታደር በአንገቱ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ ያለው የብረት መለያ ያንጠለጥል ነበር። መለያው በመካከሉ የተበሳሳ ስለሆነ ወታደሩ ሲሞት ለሁለት ይሰበራል፤ የላይኛው ግማሽ ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል፣ የታችኛው ወደ በርሊን ይላካል። እዚያም ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሳምንት የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ስሙን ይመዘግባል። ለቤተሰቡ መርዶውን በደብዳቤ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የሻምበሉ አዛዥ ነው። ጌኦርግም ለስንት እናት እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ እንደጻፈ ማሰብ ይቻላል። የታሪክ ተመራማሪው ሩዲገር ኦቨርማንስ የጀርመንን ወታደራዊ ሟቾች ቁጥር 5.3 ሚሊዮን አድርሶታል፤ አብዛኞቹ ያለቁት በምሥራቁ ግንባር ወይም በምሥራቁ ምርኮ ነው። በወረራው የሶቪየት ኅብረት ሕዝብ ያጣው ደግሞ ወደ 27 ሚሊዮን ይገመታል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ስለ አንድ ጀርመናዊ ወታደር ሞት መናገር ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ማየት ሥራው የሆነ ሰው ከፊቱ ያለውን ጠላት ብቻ ነው ወይስ ከኋላው የሚሆነውንም ያያል? ከመካከለኛው የሠራዊት ቡድን ኋላ የሚከተለው «አይንዛትስግሩፐ ቢ» የተባለው የገዳዮች ቡድን እስከ ኖቬምበር 1941 አጋማሽ ብቻ 45,467 ሰዎች መግደሉን ራሱ ለበርሊን ሪፖርት አድርጓል። በኦክቶበር 1941 በቤላሩስ ቦሪሶቭ ከተማ ወደ 7,000 የሚሆኑ አይሁድ በሁለት ቀን ውስጥ ሲገደሉ የሠራዊት ቡድኑ መምሪያ መኮንኖች ሰምተዋል። የመምሪያው የዘመቻ ኃላፊ የነበሩት ኮሎኔል ሄኒንግ ፎን ትሬስኮቭ ሂትለርን በመግደል እንጂ በሌላ መንገድ ይህ ነገር እንደማይቆም ያመኑ ሰው ናቸው፤ በዙሪያቸውም የሚተማመኑባቸውን ወጣት መኮንኖች አንድ በአንድ ይሰበስቡ ጀመር።

የጌኦርግ ወንድም ፊሊፕ ከቆሰለ በኋላ በ1942 የሠራዊት ቡድኑ አዛዥ የፊልድ ማርሻል ጉንተር ፎን ክሉገ ረዳት መኮንን ሆኖ ተመደበ። ብዙ ዓመት ቆይቶ እንደተናገረው፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር ኤስ ኤስ ከተባለው የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት የመጣ አንድ ሪፖርት በእጁ ገባ። አምስት ሮማዎች፣ ማለትም በአውሮፓ «ጂፕሲ» ይባል የነበረው ሕዝብ ወገኖች፣ «ልዩ አያያዝ» እንደተደረገላቸው ይገልጻል። ክሉገ የቃሉን ፍቺ ባለማወቃቸው የኤስ ኤሱን ጄኔራል ኤሪኽ ፎን ደም ባኽ-ዜሌቭስኪን ሲጠይቁት፣ ተገድለዋል ማለት መሆኑን፣ የሚያዙት አይሁድና ሮማዎች ሁሉ እንደሚገደሉ ያለ አንዳች ኀፍረት መለሰላቸው። ፊሊፕ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያገለግለው መንግሥት ራሱ ወንጀለኛ መሆኑን እንደተረዳ ተናግሯል። ከ1941ዱ ግድያ በኋላ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው እንግዲህ የገባው። እኔ ይህን የምለው ለመፍረድ ብቻ አይደለም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መካከል አብዛኞቹ በ1942ም በ1944ም አልገባንም ብለው ነው የኖሩት።

ጌኦርግ ለጥቂት ጊዜ ከግንባር ተነስቶ በማሠልጠኛ ካስተማረ በኋላ በ1943 መጀመሪያ ተመለሰ። ከክሉገ ፈቃድ አግኝቶም በየክፍለ ጦሩ ተበታትነው የቀሩትን ፈረሰኞች ሰብስቦ አንድ ጠንካራ የፈረሰኛ ጦር ማቋቋም ጀመረ፤ ይህ ጦር ቆይቶ «የመካከል ፈረሰኛ ሬጅመንት» ተባለ። ይፋዊው ምክንያት አሳማኝ ነበር፦ መንገድ በሌለበት የሩሲያ ምድር፣ በጭቃና በበረዶ ወቅት፣ ግንባሩ የተቀደደበት ቦታ ፈጥኖ የሚደርስ ኃይል ያስፈልጋል። ያልተነገረው ምክንያት ደግሞ ትሬስኮቭ ለሚያስቡት ጉዳይ ጥያቄ ሳይጠይቅ አዛዡን የሚከተል ጦር ማስፈለጉ ነው። መንግሥት መገልበጥ ፈንጂ ብቻ አይበቃውም፤ ከፈንጂው በኋላ ጎዳና የሚይዝ፣ በር የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። አንድ ክፍል ለሁለት ዓላማ ሲቋቋም፣ ሁለተኛውን የሚያውቁት ከጣት ቁጥር ብዙም አይበልጡም ነበር።

ማርች 13 ቀን 1943 ሂትለር በስሞሌንስክ አጠገብ የነበረውን መምሪያ ሊጎበኝ መጣ። ዕቅዱ በምሳ ሰዓት፣ በመኮንኖቹ የምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ ብዙ መኮንኖች በአንድነት ሽጉጥ መዝዘው እንዲተኩሱበት ነበር፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ከዕቅዱ ውስጥ አሉበት። ክሉገ ነገሩን ያውቁ ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ግን ከለከሉ። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የኤስ ኤስ አለቃ ሂምለር አብሮ ባለመምጣቱ ሂትለር ብቻውን ቢሞት በጦሩና በኤስ ኤስ መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ይነሳል የሚል ነው።

በዚያው ቀን ሁለተኛው ሙከራ ተደረገ። ትሬስኮቭና የቅርብ ረዳታቸው ፋቢያን ፎን ሽላብሬንዶርፍ ሁለት የኳንትሮ መጠጥ ጠርሙስ የሚመስል ጥቅል አዘጋጁ፤ ውስጡ ከእንግሊዞች የተማረከ ፈንጂ ነበር። ከሂትለር ጋር በአውሮፕላን የሚመለሰውን ሌተና ኮሎኔል ሃይንትስ ብራንትን ለአንድ ወዳጃችን ይህን አድርስልን ብለው ሰጡት። አውሮፕላኑ በሰላም ደረሰ፤ የፈንጂው ማቀጣጠያ ምናልባት በብርዱ ምክንያት አልሠራም። ሽላብሬንዶርፍ በማግሥቱ በሌላ አውሮፕላን ሄዶ፣ ተሳስተናል፣ ጠርሙሱ ይህ ነው ብሎ፣ እውነተኛ መጠጥ ሰጥቶ ፈንጂውን ተቀበለ። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ብራንት ነው። እሱም ፈረሰኛ ነበር፤ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በፈረስ ዝላይ ከቡድኑ ጋር ወርቅ አግኝቷል። ከዚህኛው ፈንጂ ሳያውቅ ተረፈ፤ በጁላይ 20 ቀን 1944 ሌላው ሴረኛ መኮንን ሽታውፈንበርግ ፈንጂ የያዘ ቦርሳውን ባስቀመጠበት ክፍል ግን ሂትለር አጠገብ ቆሞ ስለነበር በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ቦርሳውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ወፍራም እግር ማዶ ያሳለፈውና በዚህም የሂትለርን ሕይወት ያተረፈው እሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ነገር ግን በስሞሌንስኩ ሙከራና በጁላይ 1944 መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለ፤ ስለዚህ ዓመት የሚናገሩ ብዙ የመታሰቢያ ጽሑፎች ፈጠን ብለው ያልፉታል። እኔ አላልፈውም። የጌኦርግ ሬጅመንት ከግንባሩ ኋላ በጫካ ከሚዋጉት ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር በሚደረገው ዘመቻም ተሰልፏል። በቤላሩስ ያ ዘመቻ ምን ማለት እንደነበረ ይታወቃል። በማርች 22 ቀን 1943 በሌላ ክፍል እጅ ኻቲን በተባለች መንደር 149 ሰዎች፣ አብዛኞቹ በአንድ ጎተራ ውስጥ ታጉረው፣ ተቃጥለዋል፤ ከነነዋሪዎቻቸው የጠፉት መንደሮች ቁጥር በመቶዎች ይቆጠራል። ኻቲንን ያቃጠለው የጌኦርግ ጦር አይደለም፤ ያ ጦርነት ግን እሱም የተሰለፈበት ጦርነት ነው። ክሪስቲያን ጌርላኽን የመሰሉ የጀርመን ታሪክ ጸሐፊዎች የመካከለኛው የሠራዊት ቡድን ሴረኞች በዚህ ዘመቻ የነበራቸውን ድርሻ እያነሱ ብዙ ጽፈዋል፤ ክርክሩም እስካሁን አልተዘጋም።

እዚህ ላይ እንደ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖቹ ከ1942 ጀምሮ ሽምቅ ተዋጊዎቹን «ወንበዴ» እንጂ በሌላ ስም እንዳይጠሩ ታዝዘው ነበር። እኛ ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። የፋሺስት ኢጣሊያ መኮንኖች በሸዋና በጎጃም ጫካ የገቡትን አባቶቻችንን ወንበዴና አመፀኛ ሲሏቸው፣ እኛ ግን አርበኛ እንላቸዋለን። በቤላሩስ ደቡብ ባለው በፕሪፕያት ረግረግ ውስጥ ከጌኦርግ ፈረሰኞች ፊት ለፊት የነበረውን ገበሬ በየትኛው ቃል እንጥራው? ሂትለርን ለመግደል የቆረጠው መኮንንና አገሩን ከወራሪ ለማስለቀቅ የሚዋጋውን ገበሬ የሚያሳድደው መኮንን አንድ ሰው ናቸው። ይህን ለማስታረቅ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ በእኔ አስተያየት ሳይታረቅ እንዳለ መያዙ ይሻላል።

ጁን 22 ቀን 1944 ሶቪየቶች በቤላሩስ የከፈቱት ታላቅ ማጥቃት መካከለኛውን የሠራዊት ቡድን ሰባበረው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 28 ክፍለ ጦሮች ከጨዋታ ውጭ ሆኑ። ሌተና ኮሎኔል የሆነው ጌኦርግ በዚህ ጊዜ 3ኛውን የፈረሰኛ ብርጌድ ያዝዝ ነበር። ትሬስኮቭ በጁላይ መጀመሪያ ወደ ፈረንሳይ የተዛወሩትን ክሉገን ያግባባልን ብለው ላኩት፤ ክሉገ እንደ ልማዳቸው እሺም እንቢም ሳይሉ አሳድረው መለሱት። ከዚያም ሁለቱ ወንድማማቾች በሚፈርስ ግንባር መካከል የማይታመን ነገር አደረጉ። 1,000 ያህል ፈረሰኞች ከውጊያ ቦታቸው ወጥተው፣ በፊሊፕ መሪነት፣ ለትራንስፖርት አውሮፕላን ወደሚመቸው የፖላንድ ምድር ወደ ምዕራብ መጋለብ ጀመሩ። ሂትለር እንደሞተ ወደ በርሊን በርረው የመንግሥቱን ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶች ሊይዙ ነው። አብዛኞቹ ወዴትና ለምን እንደሚጋልቡ አያውቁም። ታዝዘው ነው የሚጋልቡት፤ ጥያቄ የማይጠይቅ ጦር የተባለው ይህ ነው።

ጁላይ 20 ቀን ሽታውፈንበርግ ያስቀመጠው ፈንጂ ፈነዳ፤ ሂትለር ግን ተረፈ። ለፊሊፕ ከወንድሙ የደረሰው መልእክት «ሁሉም ወደ ቀድሞው ጉድጓድ» የሚል ነበር። ከተስማሙበት ቃል የተወሰደ አጭር ምልክት ነው፤ ፍቺውም አልሆነም፣ ተመለሱ ማለት ነው። ፈረሰኞቹ የፈረሶቻቸውን አፍ መልሰው፣ የደከሙትን እየጎተቱ፣ ወደ ወጡበት ግንባር ተመለሱ። በዚያ ግርግር ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ለምን እንደተንቀሳቀሰ የጠየቀ አልተገኘም። ግንባሩ በየቀኑ ስለሚፈርስ የጦር እንቅስቃሴ ሁሉ ተራ ነገር ነበር፤ ሽንፈቱ ራሱ ሸፈናቸው።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ። ሽታውፈንበርግ በዚያው ሌሊት ተረሸነ። ትሬስኮቭ በማግሥቱ ጁላይ 21 ቀን ወደ ግንባሩ ወጥተው ራሳቸውን ገደሉ፤ በምርመራ ብዛት የሌሎችን ስም እንዳያወጡ ነው። ሽላብሬንዶርፍ ተይዞ ብዙ ሥቃይ ተቀበለ፤ የቦዘላገሮችን ስም ግን አላወጣም። ከሴራው ጋር በቀጥታ ተያይዘው የተገደሉት ወደ 200 ይደርሳሉ። ክሉገም ስማቸው መነሳቱ እንደማይቀር ስለገባቸው ኦገስት 19 ቀን በፈረንሳይ መንገድ ላይ መርዝ ጠጡ።

ከክሉገ ሞት በስምንተኛው ቀን፣ ኦገስት 27 ቀን 1944፣ በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ ከሎምዣ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ጌኦርግ በጠንካራ ምሽግ የተያዘ የሶቪየት ቦታ ላይ የሚደረገውን ማጥቃት ከፊት ሆኖ ሲመራ ተመትቶ ሞተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሞላው ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የብርጌድ አዛዥ ከጦሩ ፊት ሲሄድ መሞቱ በጊዜው ብዙ አያስገርምም፤ የቃኚ ልማድ ነው፣ ጌኦርግም ከሻምበል አዛዥነቱ ጀምሮ በዚያው መንገድ ነው የሄደው። ሞቱን የፈለገው ነው ብለው የሚገምቱ አሉ፤ ያልተሳካውን ሴራና የወዳጆቹን ግድያ እያሰቡ። ግምቱን ለመቀበል ማስረጃ አላየሁም። ይልቁንም ከሁሉ የሚከብደው ሐቅ ቀላሉ ነው፦ ሊገለብጠው ለሞከረው መንግሥት፣ ወደ ጀርመን የሚገሰግሰውን የሂትለርን ጠላት ለማቆም ሲዋጋ ሞተ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከሁሉ ያስቸገረኝ አንድ ግሥ ነው። ጀርመኖች በጦር ሜዳ ለሞተ ወታደር «ወደቀ» ይላሉ፤ እኛም እንላለን። አማርኛችን ከዚያ ከፍ ያለም ቃል አለው፤ ተሰዋ። «ተሰዋ» ስንል ግን መሥዋዕቱ ለማን እንደቀረበ መናገራችን አይቀርም። ሽታውፈንበርግ ተሰዋ ብል ማንም አይከራከረኝም። ጌኦርግ ለሂትለር ተሰዋ ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ለነጻነት ተሰዋ ማለትም ኦገስት 27 ቀን ያደረገውን አይገልጸውም። ስለዚህ በዚህ ንግግር ሁሉ ሞተ ብቻ ብያለሁ። የሰይፍ ምልክቱን የሰጠው መንግሥት ግን እንዲህ ዓይነት ችግር አልነበረበትም፤ ስለ ሰውየው ግማሹን ብቻ ስለሚያውቅ የጀግና ቃላት ሁሉ ከአፉ በቀላሉ ወጡ።

ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመው የምዕራብ ጀርመን ጦር ሌላውን ግማሽ ይዞ ስሙን አነሳ። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች የቅኝት ቡድኖች ለብዙ ዓመታት የሚወዳደሩበት ውድድር በቦዘላገር ስም ተጠርቷል፤ ወንዝ መሻገር፣ በሌሊት መጓዝ፣ የጠላትን መሣሪያ ለይቶ ማወቅና ያዩትን በትክክል ማሳወቅ የፈተናው ዋና ክፍል ነበር። የአገሮቹ ወጣት ወታደሮች ሲወዳደሩ ስለ ስሙ ባለቤት ምን ያህል እንደተነገራቸው እንጃ።

ሙሉውን የሚያውቁት ፊሊፕ ናቸው፤ አሁን እንደ አዛውንትነታቸው ልጥራቸውና። ሳይያዙ፣ ሳይጠረጠሩ፣ ከጦርነቱ ተርፈው በደን ልማት ሥራና ማልታ በተባለው የካቶሊኮች ማኅበር የበጎ አድራጎት አገልግሎት ኖሩ፤ ለብዙ ዓመታትም ስለ ነገሩ ብዙ አልተናገሩም። በስተርጅና ግን በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለልጆች ይናገሩ ጀመር፤ በ2004 የፈረንሳይ መንግሥት የሌጂዮን ዶኖር ኒሻን ሰጣቸው። ከጁላይ 20ው ሴራ በመጨረሻ ከቀሩት አንዱ ሆነው ሜይ 1 ቀን 2008 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። ወንድማቸው በሄደበት የቅኝት መንገድ ያየውን ሁሉ፣ ስድሳ ዓመት ዘግይተው፣ ተመልሰው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።